ውሃው እስኪጠራ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬውንም ተዉት። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ሰውየውን ግን እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ ውሻ እንኳ የማይጮህበት ሰዓት። ጨረቃ የለችም። ከመንደሩ ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ ቀጭን መንገድ አለ፤ በግራው ቁጥቋጦ፣ በቀኙ የቆዳ ፋብሪካው አጥር። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ ብቻውን ይሄዳል። ዘርጋው ይባላል።

በዚያ ሌሊት የት ይሄዳል? ሥራው ነዋ! ወንዙ ዳር የፋብሪካው ትልቅ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ላይ የብረት መዘውር አለ። ዘርጋው መዘውሩን ያዞራል፤ ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሊነጋ ሲል ይዘጋዋል። ሥራው ይኸው ነው።

ሕግ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ እንጂ! ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ እንዳይገባ የሚል ሕግ አለ። ማጣሪያም አለ። ግን የማጣሪያው ሞተር መብራት ይበላል ተባለ። ስለዚህ ሞተሩ የሚነሳው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ከከተማ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው ያን ቀን በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ይመጣል። ሌሊቱንስ ማን ያየዋል? ማንም።

መንደሩ ውሃ የሚቀዳው ከቧንቧው በታች ነው፤ ሌላ ውሃ የለውም። ከዚያው ይጠጣል፣ ከዚያው ያጥባል። ላሞቹ ይጨነግፋሉ፤ የልጆቹ ቆዳ ይላላጣል። ዘርጋው ይህን አያውቅም? ያውቃል። ግን አራት ልጆች አሉት።

ያን ሌሊት መዘውሩን አዞረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ነው። ቸብ… ቸብ… ቸብ። ሰው ውሃ በእጁ እየዘገነ መልሶ ሲያፈስ እንደሚሰማው።

«ማነው?» አለ።

ቸብ… ቸብ።

ፋኖሱን አነሳ። ውሃው ዳር፣ ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ነጭ ነገር አየ። ፍየል መሰለው። ፍየል ውሃ በእጁ ይዘግናል እንዴ?

ቀረብ አለ። ነጩ ነገር አቡጀዲ ነው፤ ከራስ እስከ እግር የተጠቀለለ። ሁለት እጆች ብቻ ወጥተዋል።

«ዘርጋው» አለችው።

ድምፅዋን ለየው። እትዬ ደብሪቱ ናት፤ ጎረቤቱ፣ አዝላ ያሳደገችው። ከሰባት ቀን በፊት ቃሬዛዋን ተሸክሞ የቀበራት ራሱ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትሮጡ ነበር? እሱስ መሮጡን ፈልጎ ነበር፤ ግን ያዘለችውን ጥሎ እንዴት ይሮጣል?

«እትዬ… ምን ሆነው ነው?»

«ውሃው እስኪጠራ እየጠበቅሁ ነው፣ ልጄ።»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«አስከሬኔን ያጠቡት በዚህ ውሃ ነው። አሽትተኝ እስቲ። እንዲህ እየገማሁ የማን ደጅ እቆማለሁ? ታጥቤ ልሂድ ብዬ ነው። ስትዘጋው መጥራት ይጀምራል፤ ሳይጠራ መልሰህ ትከፍተዋለህ።»

«እኔ እኮ ታዝዤ ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አልተቆጣሁህም።»

ፋኖሱን ከፍ አደረገው። አሁንስ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ከኋላዋ ሌላ ነጭ አለ። ከዚያም ኋላ ሌላ። ወንዙን ተከትለው፣ ብርሃኑ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ትንንሾችም አሉ። የሚያለቅስ የለም። ውሃውን ዘግነው ያሸቱታል፤ መልሰው ያፈሱታል።

ዘርጋው መዘውሩን ዘጋ። በማግስቱም አልከፈተም፤ በሦስተኛውም ቀን አልከፈተም። በአራተኛው ቀን ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ገንዳ ሞልቶ የፋብሪካውን ግቢ አጥለቀለቀው። ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«ለምን ዘጋኸው?»

«ሙታን እየጠበቁ ነው፣ ጌታዬ። የማጣሪያው ሞተር ይነሳ። ለአንድ ወር ብቻ፤ ታጥበው እስኪሄዱ።»

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። «ከዚህ ፋብሪካ ሦስት መቶ ቤተሰብ ይበላል» አለው፤ አባረረው።

ዘርጋው ዝም አላለም። ከተማ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ተቆጣጣሪውን ቢሮው ውስጥ አገኘው።

«ሌሊት ይምጡ» አለው። «ሌሊት ቢመጡ በዓይንዎ ያዩታል።»

«ሌሊት መኪና አይፈቀድልኝም» አለ ተቆጣጣሪው። «ደግሞም ከመምጣቴ በፊት ለፋብሪካው በደብዳቤ ማሳወቅ አለብኝ። መመሪያው ነው። ምን ላድርግህ?»

ምን ያድርገው? ዘርጋው ተመለሰ። በዚያው ክረምት ሆዱ አብጦ ተኛ፤ አልተነሳም። ሚስቱን «በዚያ ውሃ እንዳታሳጥቢኝ» ብሎ አስምሏት ነበር። ንጹሕ ምንጭ ያለው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ተሄዶ ነው፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል፤ ሬሳም አይጠብቅም። እሷ እያለቀሰች ሴቶቹ ከወንዙ ቀዱ።

ይህን ሁሉ እኔ ከየት አመጣሁት? ከራሱ ከዘርጋው ነው። እሱ ሲባረር መዘውሩን ማን ያዘው ትላላችሁ? እኔ ነኝ የያዝኩት። ሥራውን እንዳልቀበል ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ፤ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገረኝ። አበደ አልኩ።

ዘርጋው በተቀበረ በሦስተኛው ሌሊት መዘውሩን አዞርኩና ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ሰው ቆመ። ሽታው ቀድሞ መጣ። አልዞርኩም።

«ወደ ቀኝ ነው የሚዘጋው» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማላውቅ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እጄ መዘውሩ ላይ ነበር፤ ወደ ቀኝ ግን አላዞርኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ አጠገቤ ቆሞ ይነግረኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነጋ አልዘጋሁትም።

በሉ እንግዲህ፣ ስትሄዱ ተያይዛችሁ ሂዱ። በዚያ መንገድ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ። ሙታኑ አይነኳችሁም፤ አትፍሩ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ እያወራችሁ ካለፋችሁ አትሰሟቸውም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ይሰማቸዋል፤ ይለምኑታል። ከዚያ በኋላ አልሰማሁም ማለት አይችልም።