«ሰባተኛ ፎቅ»ን ማን ጻፈው?

ዕንቁ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። የሙዚቃ አስተማሪዋ ፍራው ብሬነር በሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ የለጠፈችው ዝርዝር ሦስቱንም ጊዜ ያው ነበር።

«ሰባተኛ ፎቅ። ግጥምና ዜማ፦ ዳኒኤላ ሰናይ። መሪ ድምፅ፦ ዳኒኤላ ሰናይ። ተቀባዮች፦…» የዕንቁ ስም ከተቀባዮቹ መካከል አራተኛው ላይ ተጽፏል።

«ተቀባይ!» አለች ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ። ደሟ ፈላ። የገዛ ዘፈኗ ተቀባይ!

ያን ዘፈን ለመጻፍ አራት ወር ፈጅቶባታል። ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ውስጥ ከእናቷ ጋር የሚኖሩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷ ወይዘሮ የወርቅውሃ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የከሰዓት ፈረቃ በደረሳት ቁጥር ዕንቁ ብቻዋን ትቆያለች። ዘፈኑም ስለዚያ ነበር፤ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር እናቷ የመጣች እየመሰላት ጆሮዋን ስለምታቆም ልጅ። ዳኒኤላ የምትኖረው ደግሞ ሮደልሃይም ሰፈር፣ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ሊፍት የምትሳፈረው ዕንቁን ልትጠይቅ ስትመጣ ብቻ ነው። እሷ ስለ ሰባተኛ ፎቅ ምን ታውቃለች?

ነገሩ ደግሞ የስም ብቻ አልነበረም። ዘፈኑ ለወጣቶች ውድድር ሊላክ ነው፤ ፎርሙላሩ፣ ማለትም የማመልከቻ ቅጹ፣ ዓርብ ይላካል። ከተመረጠ፣ «ደራሲ» በሚለው ቦታ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው በበጋ ዕረፍት የከተማው ወንዝ ወደብ ወዳለበት ኦስትሃፈን ይጋበዛል። እዚያ ከመጋዘንነት ወደ ስቱዲዮነት በተለወጠ ትልቅ ቤት ውስጥ ከእውነተኛ የዘፈን ደራሲዎች ጋር ሁለት ሳምንት ይሠራል። ለተቀባዮች ቲሸርት ይሰጣቸዋል።

ዳኒኤላን ያገኘቻት ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ዕንቁ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታው ስለነበር አፍንጫዋ ሥር ደገነችባት።

«ይሄ ምንድነው?»

ዳኒኤላ አየችው። ምንም አልደነገጠችም፤ ዕንቁን ይበልጥ ያነደዳትም ይኸው ነው።

«አልተር፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አደረግኩ? የተናገረችው እናትሽ ናት።»

«እናቴ ምን አለች?»

«ትናንት፣ የወላጆች ስብሰባው ላይ። ‹ዘፈኑን የሠራችው ዕንቁ አይደለችም፣ ዳኒኤላ ናት› ብላለች። ማማ ነገረችኝ። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ፍራው ብሬነር ስትጠይቀኝ…»

«ስትጠይቅሽ?»

ዳኒኤላ የጁሷን ገለባ ማኘክ ጀመረች። «‹አብረን ነው የሠራነው› አልኳት። እንዲህ አድርጋ የጻፈችው እሷ ናት።»

«አብረን? ኤሽት? እውነትሽን ነው? አብረን?»

«አትጩኺ በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው። ሼም ነው።»

ሁለቱ የሚያወሩት በጀርመንኛ ነው። ንዴት ሲመጣ ግን ዕንቁ ወደ አማርኛ ትዞራለች፤ የዳኒኤላ አባት አቶ ሰናይም አዲስ አበባ የተማረ ኤርትራዊ ስለሆነ ልጁ ስድብ አያመልጣትም። «በሰው ወርቅ መድመቅ ነው ሼም!» አለቻት ዕንቁ። ትሪዋን እዚያው ትታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ስለምን እንደነበሩ ብትጠየቅ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ እናቷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ዕንቁ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም።

«እማ፣ ትናንት ለፍራው ብሬነር ምን አልሻት?»

«ምን አልኳት? ሰላም አልኳት።»

«ስለ ዘፈኑ!»

«እ፣ እሱን ነው?» የወርቅውሃ ፊቷ በራ። «ምን ያህል እንዳመሰገነችሽ! ‹ልጅሽ ድንቅ ናት፣ ዘፈን ጽፋለች መሰለኝ› አለችኝ፣ ያን ሁሉ ወላጅ ፊት። የዳኒኤላ እናት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣለች። ታዲያ ምን ልበል? ‹አዎ፣ የኔዋ ትበልጣለች› ልበል? ‹ኧረ ዕንቁ ምን ታውቃለች፣ ሁሉንም የሠራችው ዳኒኤላ ናት› አልኳት። ወግ ነው እኮ!»

ወጉስ ወግ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ዕንቁ ሺህ ጊዜ አይታዋለች። ልጇ የተመሰገነላት እናት ምስጋናውን ተቀብላ ኪሷ አትከትም፤ አጠገቧ ላለችው እናት ታቀብላለች። ያቺኛዋም «ኧረ ምን በወጣት! የእርስዎዋ ናት እንጂ!» ብላ ትመልሰዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተመላለሰ በኋላ ሁለቱም ልጆች ተመስግነው፣ ማን ምን እንደሠራም ሁሉም አውቆ ይለያያል። የዳኒኤላ እናት ካትሪን ግን ጀርመናዊት ናት። ይህን ጨዋታ ማንም አላስተማራትም።

«ትመልሰዋለች ብዬ ነበር» አለች የወርቅውሃ፣ ድምፅዋ ዝቅ እያለ። «አልመለሰችውም። ‹ዳንከ› ብላ አመሰገነችና ዝም! አስተማሪዋም ወዲያው ጻፈችው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ዕንቁ እየተንከተከተች ሶፋው ላይ ትወድቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቧ አልነበረም። «ዘፈኔን አንስተሽ ለሰው ሰጠሽው!» አለች በጀርመንኛ።

«በአማርኛ አናግሪኝ!»

«በአማርኛማ አንቺው ጨረስሽው!»

«ኧረ ተይ እንግዲህ! ደግሞ ለዘፈን። ዝም አይነቅዝም ልጄ። ሌላ ትጽፊያለሽ። አሁን ዋናው ሒሳቡ ነው፤ ፈተና ደርሷል።»

ሌላ ትጽፊያለሽ! ከሁሉም ያቃጠላት ይህች ቃል ናት። በሩን በኃይል ዘጋችው፤ ሊፍቱን ሳትጠብቅ በደረጃ ወደ አራተኛ ፎቅ ወረደች።

አራተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ኣብርሀት ይኖራሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዕንቁ ቤታቸው መጀመሪያ የገባችው በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ፖስተኛው እሳቸው ዘንድ ትቶት የሄደውን ጥቅል ልትወስድ ነው። የዚያን ዕለት ቤቱ ውስጥ ሸክላ እየተጫወተ ነበር። የአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ዕቃ እያጠበች ለራሷ የምታወራ ይመስል በዝግታ ጀመረች፤ ቀስ እያለች ወጣች፣ ወጣችና መጨረሻ ላይ ጣሪያውን ልትነቅለው ደረሰች። ዕንቁ ጥቅሉን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቀረች። «ይሄ ሶል ይባላል፣ ጓለይ» አሏት እትዬ ኣብርሀት። በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ግቢ፣ በሩን ዝጊው።»

ሸክላዎቹን ያገኟቸው በወጣትነታቸው ነው። ያኔ ፍራንክፈርት ውስጥ በነበረ የአሜሪካ ወታደሮች ክበብ ያጸዱ ነበር፤ ጥቁሮቹ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለሳቸው እየተዉላቸው ሄዱ። ዕንቁ ዛሬም ድረስ ሽፋኖቹን አይታ አትጠግብም። ጥቁር ሴቶች፣ ጸጉራቸው እንደሷ ጸጉር የተንጨባረረ፣ ፒያኖ ፊት ተቀምጠው። አንዳቸውም «ይቅርታ፣ ልቀመጥ?» የሚሉ አይመስሉም። ዕንቁ መሆን የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ የሌላ ሰው ዘፈን የምታሳምር ሳይሆን ዘፈኑን የምትሠራዋን።

እትዬ ኣብርሀት በሩን ሲከፍቱ «ምነው ፊትሽ እንዲህ የተለዋወጠው?» አሏት።

ሁሉንም ነገረቻቸው። እናቷን ረገመች፣ ዳኒኤላን ረገመች፣ ካትሪንንም ከነ«ዳንከ»ዋ ረገመች። እሳቸውም አብረዋት እንዲረግሙ ጠበቀች። እትዬ ኣብርሀት ግን ተነስተው መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሱት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«አስተማሪዋ አንቺን አልጠየቀችሽም?»

«ጠይቃኛለች። ባለፈው ሳምንት፣ መጀመሪያ የሰማችው ቀን።»

«ምን ብለሽ መለስሽላት?»

ዕንቁ ያን ቀን አስታወሰችው። ፍራው ብሬነር ሁሉም ፊት «ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ስትላት ጫማዋን ነበር ያየችው። ከዚያም ትከሻዋን ሰብቃ፣ «ኧረ ምንም አይደል፣ ሁላችንም ነን…» ነበር ያለችው። አሁን ትዝ ሲላት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ማንም አላስገደዳትም። አጠገቧ የማንም እናት አልነበረችም።

«‹ሁላችንም ነን› አልኳት» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉን ነበር አስተማሪዎቻችን» አሉ እትዬ ኣብርሀት። ከዚያ ዕንቁ አይታው የማታውቀው ቁጣ ፊታቸው ላይ መጣ። ወደ ሸክላው መደርደሪያ በጣታቸው አመለከቱ። «እነዚህ ሴቶች ዝም ያሉ ይመስልሻል? ዝም ያሉትን እኔ አላውቃቸውም። አንቺም አታውቂያቸውም። ሸክላቸው የለማ! እኔ ዘንድ መጥተሽ ከምትጮኺ እዚያ ሄደሽ ተናገሪ።»

ሻይ እንኳ አላፈሉላትም።

ረቡዕ ማታ እናቷ ሳህን እያነሳች፣ «ነገ ፈረቃ ቀይሬ ትምህርት ቤት ልምጣ? አስተማሪሽን ተሳስቼ ነው እላታለሁ» አለች። ከማክሰኞው ጠብ ወዲህ ከ«ብዪ» እና ከ«ጠግቤያለሁ» በቀር ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ዕንቁ እናቷን አየቻት። እንደ ተናደደች ናት፤ ያም ሆኖ የእናቷ ዓይን ማፈሩ ታያት።

«ተይው። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ሐሙስ ልምምድ ላይ ዳኒኤላ ማይኩ ፊት ቆማለች። ፍራው ብሬነር ፒያኖው ላይ ተቀምጣ፣ «ተቀባዮች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እባካችሁ» አለች። አምስቱ ወደ ኋላ ተራመዱ። ዕንቁ አልተራመደችም።

«ዘፈኑ የኔ ነው» አለች። «ግጥሙም ዜማውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ፍራው ብሬነር መነጽሯን አወለቀች። «ግን እናትሽ…»

«እናቴ ጨዋ ልሁን ብላ ነው። እኔም ባለፈው ስትጠይቂኝ ጨዋ ልሁን ብዬ ነው። ዛሬ ግን ጨዋ አይደለሁም። ጥያቄውን እንደገና ጠይቂኝ።»

ፍራው ብሬነር ወደ ዳኒኤላ ዞረች። ዳኒኤላ አንገቷ ድረስ ቀላች። በመጨረሻ አስተማሪዋ ከወንበሩ ተነሳችና ቦታውን ለቀቀችላት። «እንግዲያው ተጫወቺው» አለች።

ዕንቁ ተቀመጠች። ዝግ ብላ ጀመረች፣ ለራሷ እንደምታወራ። በንዴት የተያዘ ጉሮሮ ይዘጋል ብላ ፈርታ ነበር፤ ተከፈተ። ወረቀቱን፣ «ዳንከ»ውን፣ «ሌላ ትጽፊያለሽ»ን፣ ጫማዋን ያየችበትን ቀን፣ ሁሉንም ድምፅዋ ውስጥ ከተተችው። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሊፍቱ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ፣ ጣቶቿን አነሳች። ሙዚቃው ቆመ። ክፍሉም አብሮ ቆመ። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ወስዳ ወደ ላይ ወጣች።

ስትጨርስ ፍራው ብሬነር ፎርሙላሩን አውጥታ ፒያኖው ላይ አኖረችው። «ይቅርታ፣ ዕንቁ። በደንብ መጠየቅ ነበረብኝ።» የዳኒኤላን ስም ሰረዘችው። ከጎኑ «ዕንቁ አድነው» ብላ ጻፈች። «እውነት ነው፣ ዳኒኤላ?»

«እውነት ነው» አለች ዳኒኤላ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከዚያ ማንም እንዳይሰማባት ይመስል፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ዝም የሚለው ግን የኔ ነው» አለች። «‹ሊፍት ሲቆም ሙዚቃም ይቁም› እኔ ነኝ ያልኩሽ። ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው። እሱ ብቻ የኔ ነው።»

«ምን አለች?» አለች ፍራው ብሬነር፣ ዕንቁን እያየች።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ዕንቁ ዳኒኤላን አየቻት። ያቺ አንድ ትንፋሽ ከዘፈኑ ሁሉ ምርጧ ቦታ እንደሆነች አሁን፣ ስትጫወተው፣ ገብቷታል። ዳኒኤላ ሰገነቱ ላይ ቺፕስ እየበላች የተናገረችው ነበር። እውነት ነው፤ እውነት መሆኑም አናደዳት። «ምንም» ማለት ብቻ ይበቃል። ማንም አያውቅም። ዳኒኤላም ደፍራ አትደግመውም፤ ኦስትሃፈንም ዕንቁ ብቻዋን ትሄዳለች።

ፍራው ብሬነር እየጠበቀች ነው።

«መሃል ላይ ሙዚቃው የሚቆምባት ሐሳብ የሷ ናት» አለች ዕንቁ በጀርመንኛ። «እውነቷን ነው።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ለዳኒኤላ ዘረጋችላት። አልሳቀችላትም። ይቅርታም አላደረገችላትም፤ ያ ገና ሩቅ ነው።

«እንኪ» አለቻት በአማርኛ። «ስምሽን ራስሽ ጻፊ። ምን እንደሠራሽም አብረሽ ጻፊው።»

ዳኒኤላ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። ዕንቁ አልጠበቀቻትም፤ ፊቷን ወደ ፒያኖው መልሳ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።