ምንም የማይታይበት ሰፈር

«ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ሳናይ ከተመለስን ኪዮቶ ሄድን ይባላል እንዴ?» አለች ኩሩሚ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ በእርሳሷ እየደበደበች። «እናቴን ምን ልበላት? የተሰጣ ልብስ አይቼ መጣሁ?»

«እንደዛ ነው የምትያት» አሉ መምህር ሂራኖ እየሳቁ። «የዘንድሮው የትምህርት ቤታችን ጋዜጣ ስለ ቤተ መቅደስ አንድ መስመር አይጽፍም። ቱሪስት የሚጎርፍበት ቦታ አጠገብም አናድርም። አንድ ተራ ሰፈር መርጠን ሁለት ቀን እንቀመጥና ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ እንጽፋለን። በሉ ምረጡ።»

የጋዜጣው ክበብ አባላት ሦስት የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። ኩሩሚ፣ ናትሱሆ፣ እና ዋና አዘጋጇ ሱዙኔ።

«ታዋቂው የጊዮን ሰፈር ይሻላል» አለች ሱዙኔ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየወረወረች። «ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጸጥ ያለ ቦታ አለ። እኔ የተወለድኩበት ቤት እኮ እዛ ጋ ነው።»

«ኩሬ ያለበት ግቢ!» አለች ኩሩሚ። ስለ ኩሬውና ስለ ቀያዮቹ ዓሦች ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

«ጊዮን ይቅርብን» አሉ መምህሩ። «እዛማ ከነዋሪው ካሜራው ይበዛል።»

ናትሱሆ ጣቷን ካርታው ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«ሚዙኖ» አለች። «በድልድይ ላይ ከሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ሥር ነው። ምንም የሚታይ ነገር የለውም። ጨርቅ ማቅለሚያ ቤቶችና አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ብቻ ነው ያለው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ፎቅ ላይ እንግዳ ያሳድራሉ። በነሐሴ በሚከበረው የልጆች በዓላቸው ቀን ብንሄድ ደግሞ የምንጽፈው አናጣም።»

የሱዙኔ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ናትሱሆ ቀና ብላ አላየቻትም። ማየት አላስፈለጋትም።

«ግሩም!» አሉ መምህር ሂራኖ። «በቃ ሚዙኖ።»

ነገሩ የተጀመረው በጸደይ ነው። ናትሱሆ መጽሐፍ ልትመልስ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ስትገባ አባቷን አየችው። ከረባቱን አስሯል፣ ቦርሳው እግሩ ሥር ነው፣ ጋዜጣ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ጠዋት «ቢሮ ሄድኩ» ብሎ ነበር የወጣው። ያ ቢሮ ካሰናበተው ቆይቷል ለካ። ናትሱሆ ለእናቷ አልተነፈሰችም። ለአባቷም ማየቷን አልነገረችውም። ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ አልቀመጥ ሲላት፣ አንድ ቀን ከተማቸው ወደብ ግንብ ላይ ተቀምጠው ለሱዙኔ ነገረቻት።

«ብናገር ምላሴ ይቆረጥ» አለቻት ሱዙኔ እጇን ይዛ።

ሳምንት ሳይሞላ ወንዶቹ በር ላይ ቆመው «ላይብረሪ መጣች!» ማለት ጀመሩ። ወሬው ከልጆቹ ወደ እናቶቻቸው፣ ከእናቶቻቸው ወደ ናትሱሆ እናት ደረሰ። እናቷ አልጮኸችም። በማግስቱ ጠዋት ግን የአባቷን የምሳ ዕቃ አላሰረችም። ናትሱሆ ባዶውን ጠረጴዛ ስታይ፣ አባቷም ቆሞ ሲያየው፣ ቢጮኹ ኖሮ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

«ለኩሩሚ ብቻ ነው እኮ የነገርኳት» ነበር የሱዙኔ መልስ። «ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው፣ አታካብጂ።»

አታካብጂ። ናትሱሆ ይህችን ቃል አልረሳቻትም።

ከዚያ ነው ሱፐርማርኬት ውስጥ የሱዙኔን እናት ያገኘቻት። ልጇ ክፍል ውስጥ ምን እንደምታወራ የማታውቅ፣ ወሬ የምትወድ ደግ ሴት ናት። «ኪዮቶ ልትሄዱ ነው አሉኝ፣ ናትሱዬ? እኛ የነበርነው እኮ ሚዙኖ ነው፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። የሱዙኔ ስም ያለበት የወረቀት ፋኖስ እስከ ዛሬ በየነሐሴው በልጆቹ በዓል ይሰቀላል ይሉኛል። የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት እማማ ሺጌ እንዴት ይጥሉታል!»

ናትሱሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች። ጥርሷን ስትቦርሽ ትለዋለች፣ ብስክሌት ስትነዳ ትለዋለች። «ሱዙኔ፣ ፋኖስሽን አገኘሁልሽ፤ ኩሬው የታለ?» የምትናገረውም ኩሩሚ ፊት ነው። ለኩሩሚ መንገር ለትምህርት ቤቱ ሁሉ መንገር ነውና።

በመሄጃቸው ቀን እናቷ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ጃንጥላና እርጥብ ፎጣ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀችላት። «ባቡር ጣቢያ ስትደርሺ ሐዲዱ ጠርዝ ላይ እንዳትቆሚ። ሙቀቱ ሰው ይጥላል፣ ውሃ ጠጪ። ደግሞ…» ብላ ፊቷን አየቻት። «ደግሞ ሰሞኑን ፊትሽ ደስ አላለኝም። የሆነ ነገር ልታደርጊ ነው።»

«ምን አደርጋለሁ እማ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ። ብቻ ስትመለሺ የሚቆጭሽ ነገር እንዳይሆን።»

ሚዙኖ ሲደርሱ አስፋልቱ ይንቀለቀል ነበር። በላያቸው ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሱዙኔ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች፣ አፏንም በማስክ ሸፍናለች።

«በዚህ ሙቀት ማስክ? ጤነኛ ነሽ?» አለች ኩሩሚ።

«አለርጂ ነው።»

የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት እማማ ሺጌ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያራግባሉ። ከጎናቸው፣ ከመንገዱ ጥግ፣ ልጆችን የሚጠብቀው የጂዞ ትንሽ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፤ አንገቱ ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ ታስሮለታል።

«ነገ በዓል ነው» አሉ። «ስሙ ያልተሰቀለ ልጅ ጂዞ ፊት አይቀመጥም። ስማችሁን ንገሩኝና ፋኖስ ላይ ልጻፍላችሁ።»

«ናትሱሆ።»

«ኩሩሚ!»

ሦስተኛዋ ቆየች። መምህሩ እያዩዋት ነው። «ሱዙኔ» አለች ከማስኩ ሥር።

የእማማ ሺጌ ማራገቢያ ቆመ። «እኛም አንዲት ሱዙኔ ነበረችን።»

«ይቺኛዋ የጊዮን ልጅ ናት እማማ!» አለች ኩሩሚ። «ግቢያቸው ውስጥ ኩሬ አላቸው።»

«እህ… ኩሬ።» አሮጊቷ ሱዙኔን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ለእንዲህ ያለ ሙቀት ኩሬ ጥሩ ነው» አሉና ፎጣ ያድሏቸው ጀመር። የኪዮቶ ሰው ያወቀውን ሁሉ አይናገርም።

ናትሱሆ ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ፋኖሱ መታየት አለበት፤ በዓይን ያልታየ ነገር ይካዳል። ዋጠችው።

በማግስቱ ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ገመድ ወጥረው ፋኖሶቹን ሰቀሉ። ናትሱሆ ካሜራዋን ይዛ ከሌሎቹ ቀድማ ወጣች። የራሷ ስም ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ የኩሩሚም ከዚያ ወዲያ አለ። በእነሱ መሐል ግን በአዲስ ፈንታ አንድ አሮጌ ፋኖስ ተሰቅሏል፤ ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል፣ የተሰበረ ጎኑ በፕላስተር ተለጥፏል። ሱዙኔ፣ ይላል፤ ከነአባቷ ስም።

«አውቀሽ ነው ያመጣሽን።»

ሱዙኔ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ማስኩን አውልቃለች።

«አዎ» አለች ናትሱሆ።

«ለኩሩሚ ልትነግሪያት ነው?»

«አንቺ የእኔን ነግረሻት የለ እንዴ? ምነው፣ የሚያስቅ ነገር ነው። አታካብጂ።»

ሱዙኔ ፋኖሱን አንጋጣ ታየዋለች። «አባቴ የሚሠራበት ማቅለሚያ ቤት ሲዘጋ ማንንም ሳንሰናበት ነው የሄድነው» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ይሰቀላል ስትለኝ አላመንኳትም። ጥለውታል ብዬ ነበር።»

ናትሱሆ ማዘን አልፈለገችም። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው ለማዘን አይደለም። «ዓሦቹ ስንት ነበሩ?» አለቻት። «ኩሬው ውስጥ ያሉት።»

ሱዙኔ ያወለቀችውን ማስክ በእጇ ጨመደደችው። ናትሱሆ ደስ አላት፣ እውነትም ደስ አላት። ደስታው ግን የጠበቀችውን ያህል አልነበረም።

አመሻሹ ላይ የሰፈሩ ልጆች መንገዱ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ዙሪያ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እማማ ሺጌ አንድ ረጅም የእንጨት መቁጠሪያ አመጡ፤ ክቡን ሁሉ ይዞራል። ልጆቹ በሁለት እጃቸው እየተቀባበሉ ያዞሩታል፣ ትልቁ ዶቃ ደረቱ ፊት የደረሰ ልጅ ግንባሩን አስነክቶ ያሳልፈዋል። ናትሱሆ በኩሩሚና በሱዙኔ መሐል ተቀመጠች።

ኩሩሚ ግን ዓይኗ ከላይ ነበር።

«የኔ ያውና! ያንቺም ያውና። የሱዙኔስ… እንዴ፣ ይሄ ለምን አሮጌ ሆነ? የአባቷም ስም አለበት።» ወደ ናትሱሆ ዞረች። «ሰፈሩን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ ምንድን ነው ነገሩ?»

ይኸው መጣ። ኩሩሚ አለች፣ ፋኖሱ አለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቷል። ናትሱሆ አፏን ከፈተች። ከጎኗ ሱዙኔ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቷን ሰብራ ተቀምጣለች። ናትሱሆ ያን አቀማመጥ ታውቀዋለች። «ላይብረሪ መጣች» በተባለ ቁጥር እሷም እንዲሁ ነበር የምትቀመጠው።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች። «ስሙ የሷ ነው። እሷን ጠይቂያት።»

ሱዙኔ ቀና አለች። ከሐዲዱ ላይ ባቡር አለፈ። ከዚያ፣ «የኔ ነው» አለች። «እዚህ ነው የተወለድኩት።»

«ጊዮንስ?»

«ጊዮን የለም።»

«ኩሬውስ?!»

«ኩሬም የለም።»

እማማ ሺጌ ከክቡ ማዶ ማራገቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አይታወቅም። ኩሩሚ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ ግን እያበራ ነው፣ እጇም ወደ ኪሷ ሄዷል። «ክፍሉ ይሄን ሲሰማ!» አለች ስልኳን እያወጣች። «አንድ ፎቶ ብቻ…»

ናትሱሆ ስልኩን ከነእጇ ይዛ ምንጣፉ ላይ አስተኛችው።

«ምን ሆነሻል? አንቺን እኮ ነው ያዋረደችሽ!»

«አውቃለሁ» አለች ናትሱሆ። «መቁጠሪያው እየመጣ ነው። ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

«ናትሱ…» አለች ሱዙኔ በቀስታ።

«አታናግሪኝ።»

ፊቷን አላዞረችም። ትልቁ ዶቃ ደረቷ ፊት ሲደርስ አነሣችው፤ ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። ግንባሯን አስነካችና፣ አሁንም እንደተቆጣች፣ ለሱዙኔ አሳለፈችው።