ያልተከፈተው ሰማይ

ኢርሜሊ ሳውኮላ የሞተችው ሐሙስ ቀን፣ የካርቫላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሁሉ የሐሙስ አተር ሾርባውን ሊጠጣ ወደ ምግብ አዳራሹ በወረደበት ሰዓት ነው። ሬሳዋ የተገኘው ኮምፒውተሮቹ ከሚቀመጡበት ትልቅ ክፍል ደጃፍ ላይ ነበር። ክፍሉ እሳት ቢነሳ አየሩን የሚያፍን ጋዝ ተገጥሞለታል፤ ጋዙን የሚለቀው ቀይ እጀታ ደግሞ ከበሩ ውጭ በመስታወት ተሸፍኖ ይገኛል። አንድ ሰው የወረቀት ካርቶን የተጫነበትን ጋሪ ገፍቶ በሩን ዘጋባት፤ ከዚያም መስታወቱን ሰብሮ እጀታውን ሳበ። ሴትዮዋ በሩን ስትደበድብ የጣቶቿ አንጓዎች ተልጠው ነበር።

መርማሪ ኬርቱ ሃፓሳልሚ እነዚያን ጣቶች አየች። በሥራዋ ዘመን ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ይሄኛው ግን አንጀቷን አሳረራት። በጥፊ የሚመታ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊት ይቆማል። ይሄ ግን ከበሩ ማዶ ቆሞ ድብደባው ጸጥ እስኪል ያዳመጠ ሰው ነው።

አለቃዋ ኮሚሳር ኒሎ ሬሆ እሷ ከመድረሷ በፊት ጉዳዩን ጨርሶት ነበር።

«ሄይሞ ነው» አላት። «የቀድሞ ባሏ፣ የሕንፃው ቴክኒሻን። አሻራው በእጀታውም በጋሪውም ላይ አለ። ትናንት በልጃቸው ጉዳይ ኮሪደር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷቸዋል። በዚያ ላይ ቢራ ቢራ ይሸታል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጎትቶ ያወጣት እሱ ነው አሉ።»

«ጸጽቶት ይሆናላ።»

«እጀታውን በየወሩ የሚፈትሸው ማን ነው?»

«እሱ።»

«እንግዲያማ አሻራው ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ። ደግሞ የሽፋኑ ቁልፍ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፍ ያለው ሰው ምን አስጨንቆት መስታወት ይሰብራል?»

«የተናደደ ሰው ቁልፍ አይፈልግም፣ ኬርቱ። ነገ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ። ልጅቷንም ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ለሕፃናት ጥበቃ ሰጥቻታለሁ።»

ሲልያ ስምንት ዓመቷ ነው። ኬርቱ አፏን ብትከፍት የሚወጣው ስድብ ብቻ እንደሚሆን ስላወቀች ጥላው ሄደች። ያላት ጊዜ እስከ ነገ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላ ሄይሞ ወህኒ፣ ልጅቷ ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ይገባሉ።

ሄይሞ ፖሊስ መኪና ውስጥ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል።

«ቦይለር ክፍል ሆኜ የአደጋውን ደወል ሰማሁ» አላት። «ሮጥኩ። ጋሪውን ገፈተርኩ። ስከፍተው በሩ ሥር ወድቃ ነበር። እናንተ እዚህ እኔን ስትጠብቁ ገዳይዋ ሾርባውን እየጠጣ ነው፣ ገባሽ?»

«ቢራውስ?»

«አንድ ጠርሙስ። እሱን አልክድም።»

«ማን ይጠላት ነበር?»

«ፕሮግራም እየጻፈች ለዓለም በነፃ የምትበትን ሴት ማን ይጠላታል? ‹እኛ የቤት ኪራይ እየከበደን አንቺ ለማታውቂው ሕዝብ ትለግሻለሽ› እያልኩ የምነዘንዛት እኔው ነበርኩ።» አንገቱን ደፋ። «ምነው አፌን በቆረጠው።»

የኢርሜሊ ሥራ የዩኒቨርሲቲውን ክፍት ግምጃ ቤት መጠበቅ ነበር። ከየትኛውም አገር ያለ ሰው በስልክ መስመር ገብቶ ነፃ ፕሮግራሞችን የሚወስድበት ኮምፒውተር ነው። ግዙፍ ፋይል አጥፎ ትንሽ የሚያደርግ የራሷን ፕሮግራምም ሦስት ክረምት ለፍታ ጨርሳው ነበር።

ከሄይሞ ሌላ በምሳ ሰዓት ከሕንፃው ውስጥ ወይም ከአጠገቡ ያልራቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሩናር ኤክብላድ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ፊቱን ለሐዘን አስተካክሎ ተቀበላት።

«ከቢሮዬ አልወጣሁም» አለ። «አውስትራሊያ ካለ ግምጃ ቤት የከዋክብት ፕሮግራም እያመጣሁ ነበር። መስመሩ በምሳ ሰዓት ነው ባዶ የሚሆነው፤ ይህን የሙያችን ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«እስኪመጣ ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው?»

«የለም፣ የለም። መጠበቁማ ወዲያው አለቀ። ከዚያ ከፍቼው ስጫወትበት ቆየሁ። የፈለጉትን ሌሊት ሰማይ ያሳያል። ልጄ የተወለደበትን ሌሊት አውጥቼ እሱን ስመለከት ነው የሄይሞ ጩኸት የተሰማው።»

«ደወሉን አልሰሙም?»

«ሰምቼ ነበር። ሄይሞ መቼም ሁልጊዜ ይሞክረዋል፤ ከምንም አልቆጠርኩትም።»

«ከኢርሜሊ ጋር ጸብ ነበራችሁ?»

«ከኢርሜሊ ጋር? ምርጥ ሠራተኛዬ ነበረች። ፕሮግራሟን እንኳ ለአንድ ድርጅት ልሸጥላት ነበር። ሰኞ ነው የሚረከቡት።»

«እሷ ተስማምታ ነበር?»

«በዩኒቨርሲቲው ማሽን የተጻፈ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ወይዘሮ መርማሪ። እስካሁንም ከዚህ ግቢ አልወጣም።»

ኬርቱ አመስግና ተነሳች፤ ቢሮውን አሽጋ ቁልፉን እንደምትወስድም ነገረችው። ፕሮፌሰሩ ደሙ ፈላ፤ ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ለሬክተሩ ስልክ እደውላለሁ አለ። «ይደውሉ፤ ግን ከሌላ ቢሮ» አለችው።

ሁለተኛው የኢርሜሊ የሥራ ባልደረባ ታርሞ ኒራኔን ነው። ጸጉሩን ያላበጠረ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ዓይኖቹ ግን በልቅሶ አብጠዋል።

«ሾርባዬን ጨርሼ ደጅ ሲጋራ ሳጨስ ነበር። ምስክሬ ብርዱ ብቻ ነው። ልታስሪኝ ነው?»

«ስለ ፕሮግራሟ ንገረኝ።»

«ኤክብላድ ሊሸጠው ፈረመ፤ እሷ ደግሞ ‹በሕይወቴ እያለሁ አይሸጥም› አለች። ዛሬ ጠዋት ለሁሉም ሰው ብላ በነፃ አወጣችው። በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ላምጣው ብዬ ስገባ ግን ከግምጃ ቤታችን ጠፍቷል።»

«ማን ሊያጠፋው ይችላል?»

«ዋናው የይለፍ ቃል ያላቸው ሁለት ናቸው፤ እሷና ፕሮፌሰሩ። እኔማ ራሷ ሐሳቧን ቀይራ አውርዳው ነው ብዬ ነበር። በኋላ ስቶክሆልም ካለው ግምጃ ቤት አገኘሁት፤ እነሱ በየጠዋቱ የኛን ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ፕሮፌሰሩ እጁን ከመሣሪያው ካነሳ ስንት ዘመኑ ነው፤ ይህን አያውቅም።»

«ይህን ለማንም እንዳትናገር። አሁን ፕሮፌሰሩ ያመጣውን የከዋክብት ፕሮግራም አምጣልኝ።»

«አላመጣልሽም፤ ራስሽ ታመጪዋለሽ። ተቀመጪ።» ወንበሩን ገፋላት። «ስምሽን ሲጠይቅሽ ‹ስም የለሽ› በይ።»

«ፖሊስም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። ይለፍ ቃል ሲልሽ የራስሽን አድራሻ ትሰጪዋለሽ። የሚያጣራ የለም፤ ለጨዋነት ነው። በነፃ እየወሰዱ ማንነት መደበቅ ነውር ነው።»

ኬርቱ በሁለት ጣት እየጻፈች ሁለት ፋይል ጠራች፤ አንደኛው መግለጫው፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ ራሱ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ቀስ እያሉ መቁጠር ጀመሩ።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ከፈለግሽ ሄደሽ ቡና ጠጪ። አንዴ ከጀመረ ማሽኑ አንቺን አይፈልግም።»

መግለጫው ጥርት ብሎ ተከፈተ። «የፈለጉትን ሌሊት ሰማይ ያሳያል፤ ልጅዎ የተወለደበትን ሌሊት እንኳ!» ይላል። ፕሮግራሙን ለመክፈት ስትሞክር ግን ማሽኑ ትርጉም የሌለው ምልክት ዘርግፎ ደረቀ። ታርሞ ሬሳው ከተገኘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ባይነሪ አላልሽማ! ይችን አንድ ቃል ቀድመሽ ካልጻፍሽ ማሽኑ የሚመጣው ሁሉ ደብዳቤ ይመስለዋል። በየመስመሩ መጨረሻ የራሱን ምልክት እየሰካ ያስገባዋል። ጽሑፍ ከሆነ ምንም አይለውም፤ ፕሮግራም ከሆነ ግን አበቃለት። አይዞሽ፣ ሁላችንም አንዴ አንዴ ተቃጥለንበታል።»

«ፕሮፌሰሩም?»

«እሱማ በእጁ አያመጣም። ኢርሜሊ ነበረች የምታመጣለት።»

ኬርቱ የደረቀውን ስክሪን እያየች ጥርሷን ነከሰች። «ያበላሸሁትን እንዳትነካብኝ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በታሸገው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ፕሮፌሰሩ በር አጠገብ ቆመ፤ ታርሞ መስኮቱን ተደገፈ፤ ሄይሞ ካቴናው እንዳለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮሚሳር ኒሎ ሰዓቱን በየጊዜው ያያል፤ ዐቃቤ ሕጉ እየጠበቀው ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ያን ሰማይ ያሳዩን» አለች ኬርቱ።

«ምን?»

«ልጅዎ የተወለደበትን ሌሊት። ማሽኑ እንደተዉት ነው፤ እኔ ካሸግሁት ወዲህ ከእኔና ከፖሊስ ባለሙያ በቀር ማንም አልገባም።»

ኤክብላድ ትከሻውን ነቅንቆ ተቀመጠ። ቁልፎቹን ነካካ። ስክሪኑ ያንኑ ትርጉም የለሽ ምልክት ዘርግፎ ቀጥ አለ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ደረቀ። ታርሞ ከመስኮቱ ቀና አለ፤ ገብቶታል።

«ተበላሽቷል» አለ ፕሮፌሰሩ። «ትናንት ይሠራ ነበር።»

«አልሠራም። ትናንት እኔ ራሴ ይህንኑ ፕሮግራም እንደ እርስዎ አመጣሁት፣ ባይነሪ ሳልል። ዛሬ ጠዋት ከባለሙያችን ጋር የእኔንና የእርስዎን ጎን ለጎን አስተያየን፤ አንድ ነጥብ እንኳ አይለያዩም። ይህ ፋይል ሲመጣም ሬሳ ሆኖ ነው የመጣው፤ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢሆን ወዲያው አይቶ፣ ተራግሞ፣ እንደገና ያመጣው ነበር።»

«ታዲያ ስለ ሰማዩ በምን አወቀ?» አለ ኒሎ፤ ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ከመግለጫው። ጽሑፍ ስለሆነ አልተበላሸም። የልጁን ሌሊት ከዚያ ነው የወሰደው። ለምን ዋሸ? ማሽኑ ብቻውን ስለሚያመጣ መጠበቅ ሰው አይፈልግም። ስለዚህ ተጫወትኩበት ማለት ነበረበት። ማሽኑን አስጀምሮ በኋለኛው ደረጃ ወረደ፤ የክረምት ጓንቱን አድርጎ ጋሪውን ገፋ። ቁልፍ የለውም፤ መስታወቱን ሰበረ። ተመልሶ መግለጫውን አንብቦ ፕሮግራሙን ሳይሞክር ሄይሞ ጮኸ።»

«ተረት ነው!» አለ ኤክብላድ። «እኔ ምን አገኛለሁ? ልትሸጥልኝ የነበረች ሴት!»

«ልትሸጥልዎት አልነበረም። ትናንት ጠዋት በነፃ አውጥታው ነበር።»

«ምንም አላወጣችም። ግቡና እዩ፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ የለም።»

«እዚህ የለም» አለ ታርሞ። «ስቶክሆልም አለ። ቪየና አለ። ታይፔ አለ። አንተ ሾርባ ሰዓት እስኪደርስ ስትጠብቅ እነሱ ገልብጠው ጨርሰዋል።»

የፕሮፌሰሩ ፊት ጠቆረ። «አይሆንም! በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ!»

ኤክብላድ ያለውን የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ከሰማው በኋላ ግን መደበቁን ተወው፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደበ።

«የሰባት ዓመት ገንዘብ ያፈሰስኩት እኔ! ማሽኑን የሰጠኋት እኔ! ደብቀሽ አቆዪው፣ አትልቀቂው ብዬ ለመንኳት። ሳቀችብኝ። ሳቀችብኝ እኮ!»

ሄይሞ ከወንበሩ ተነሳ። አልጮኸም።

«ወደ ሌላ አገር ቀድሞ መውጣቱን ብታውቅ ኖሮ ትተዋት ነበር?»

ኤክብላድ እንደ ደደብ ተማሪ አየው። «እንግዲያ ለምን ብዬ እገድላታለሁ?»

ሄይሞ በካቴናው ሰንሰለት የፕሮፌሰሩን ፊት መታ። ለማገላገል ቅርብ የነበረችው ኬርቱ ናት፤ እሷ ግን እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ታርሞ ወደ መስኮቱ ዞረ። በመጨረሻ ኒሎ መሀል ገብቶ ሄይሞን ያዘው፣ ካቴናውንም አውልቆ አፍንጫው ለሚደማው ፕሮፌሰር አጠለቀለት።

ኮሪደር ላይ ኒሎ የኬርቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ግሩም ሥራ ነው። ሄይሞን ይቅርታ በይልኝ።»

«በራስህ አፍ በለው። ልጅቷም ፊት።»

«ኬርቱ፣ ሥራ አለብኝ።»

«አሁን ነው የምትሄደው፣ ኒሎ። አለበለዚያ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ መሀል ቆሜ ምን እንዳደረግህ እለፍፋለሁ።»

በሕፃናት ጥበቃ ቤት ሲልያ ካፖርቷን ሳታወልቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቷን ስታይ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሄይሞም በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ልጁ ፈርታው እንደሆነ ሲገባው ግድግዳውን ተደገፈ።

ኒሎ ኮፍያውን አውልቆ በጉልበቱ ተንበረከከ። «ሲልያ፣ አባትሽ ምንም አላደረገም። እናትሽን የገደላት ሌላ ሰው ነው፤ ይዘነዋል።»

ልጅቷ ወደ ኒሎ ዞረች።

«ትናንት አባትሽ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለችው።

«ነኝ።»

«ሳታውቅ ነው የነገርከኝ?»

ሲልያ አልፋው ሄዳ የአባቷን የተፋፋቀ የእጅ አንጓ ያዘች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጠላችው ይቅርታ ጠየቀችው።