የኩሬው በር

የኢንጂነር ፈንታው ሬሳ ቴፒ አጠገብ ካለው የወንዝ መሻገሪያ የወጣው በኅዳር ነው። ዝናብ የለም፤ ቡና ማጠቢያው ግን ቀን ከሌት ስለሚሠራ የልጣጩ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ ይጉደል ይሙላ አይለይም። ፍሳሹን ወደ ወንዙ የሚለቀውን የኩሬውን በር የሚጠብቀው ሸምሱ በማግስቱ ታሰረ። ምስኪን! የሟቹ ባልደረባ ኢንጂነር ይትባረክ በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶ «በሩ ተከፍቶ ጎርፍ ወሰደው» ሲል ማን ይከራከራል? ኮምፒውተር ያየ ሁሉ አፉን ያዘ።

ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ከሚዛን ስትደርስ የሸምሱ ሚስት ማርዋ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እህቴ፣ ባሌ አመነ! ‹ማሽኑ ካለ፣ ረስቼ ከፍቼው ይሆናል› ይላል። እህል አልቀምስም ብሏል፤ ወላሂ ሊሞትብኝ ነው!»

ሰርካዲስ ሬሳውን ያወጣውን ታፈሰን ጠየቀች።

«ልብሱ ላይ ምን ነበር?»

«አሸዋ ብቻ።»

«የቡና ልጣጭስ?»

«ኧረ ምንም!»

በማግስቱ ሁሉንም ማጠቢያው ቢሮ ሰበሰበች። ሸምሱን ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አመጡት፤ መቆም አቅቶታል።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ሞዴሉን ያሳዩን።»

በስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ። ሟቹን የምትወክለው ነጥብ ከመሻገሪያው በላይ ካለው ድልድይ ተነሥታ መሻገሪያው ላይ ቆመች።

«አሁን በሩን ይዝጉት።»

«ምን ይጠቅማል?» አለ ይትባረክ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጥፋቱ የበሩ ከሆነ፣ በሩ ሲዘጋ ሰውየው መሻገሪያው አይደርስም።»

ይትባረክ በሩን ዘጋው። ነጥቧ ቀስ ብላ ሄደች፤ እዚያው መሻገሪያ ደረሰች።

«አያችሁ? ሬሳ ለመውሰድ ወንዙ ብቻውን ይበቃል። በሩ ተከፍቶማ ቢሆን ልብሱ ልጣጭ በልጣጭ በሆነ ነበር። ሞዴሉ አልዋሸም። ለመሆኑ ኢንጂነር፣ ሬሳው የተገኘው መሻገሪያው ላይ ነው፤ ከድልድዩ እንደወደቀ ማን ነገረዎት?»

«ገምቼ...»

«ሞዴልዎ የጠቆመንን ይዘን ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ሥር ወርደን የሟቹን ሰባራ መነጽር አገኘን፤ ድንጋዩ ላይም ደም። እዚያ መውደቁን የሚያውቅ ገዳዩ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ቦታ ካላስገቡ ማሽኑ ሬሳውን መሻገሪያው አያደርስልዎትም። ለእኛ የደበቁትን ለእሱ ነገሩት።»

ይትባረክ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ኩሬውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈንታው ‹ወንዙን እየመረዘ ነው፣ አጋልጥሃለሁ› አለኝ... ገፈተርኩት።»

ካቴናው ከሸምሱ እጅ ወጣ። ማርዋ እያለቀሰች አቀፈችው፤ እሱ ግን ዓይኑን ከሰርካዲስ አልነቀለም።

«እና... በሩን ዘግቼው ነበር?»

«ዘግተኸው ነበር፣ ወንድሜ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

ሸምሱ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ማርዋ፣ ራበኝ» አላት።