ጭብጨባው ይጥፋ?

«እሺ፣ ይሄ ጽሑፍ አሁን የማን ነው?»

አልፊያ ርሆቦትን ጠየቀቻት። ርሆቦት ስልኳ ላይ ያለውን ፕሮፖዛል ወደ ላይ ወደ ታች ትገፋለች። «ባለቤት፦ ርሆቦት» ከሚለው ሥር ግማሹ በቀይ ተሰርዟል።

ሁለቱ ጓደኛሞች ለጎልማሶች ፊደል የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ አስበው ነበር። ርሆቦት ጻፈችውና ነፃ መተግበሪያዎችን በጋራ ለሚሠራ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ላከችው። እዚያ ማንኛውም አባል የማንንም ጽሑፍ ማረም ይችላል። እርማቱን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ነው፤ ቀነ ገደቡም ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

«መኳንንት የሚሉት ሰውዬ ጭብጨባዬን አጠፋው!» አለች አልፊያ። ተማሪው ሲያውቅ የሚሰማው ጭብጨባ፣ ሲሳሳት የሚነፋው ጥሩምባ የእሷ ሐሳብ ነበር። «መልሺው በቃ! ካልሆነ አውጥተን ለብቻችን እንሠራዋለን። ማንም ሙድ አይያዝብንም።»

ርሆቦት ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች። አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል።

እናቷ ከጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን ይዛ ገባች። «ምን ሆናችኋል?»

ርሆቦት ስልኩን ሰጠቻት። እናቷ የመኳንንትን እርማት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጊዜ ፈጀባት።

«ድምፁ... ይዘጋ። ሰው... ፊት... ያሳፍራል።» ቀና አለች። «እውነቱን ነው። እኔ የምለማመደው ከአየር ጤና ስመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ጥሩምባ ቢነፋብኝ ፌርማታው ሳይደርስ ነው የምወርደው!»

ርሆቦት ሳቀች። አልፊያ አልሳቀችም።

«እርስዎ ያፍሩ ይሆናል እንጂ ሌላው ሰው ይወደዋል።»

«የሌላውን አላውቅም፣ አልፊዬ። ክፍላችን ውስጥ ግን ጮክ ተብሎ የታረመች ሴት ሁለተኛ አልመጣችም።»

ይህን ሁሉ ስትጽፍ እናቷን አንድም ቀን እንዳልጠየቀች ርሆቦት ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«አልፊ፣ ሲከፈት ዝም ይበል። ጭብጨባ የፈለገ ራሱ ያብራው። ይሄንን አብረን እንጻፈው?»

«ከተቀበልሽው እኔ የለሁበትም።»

የርሆቦት ጣት ላብ ይዞት ስለነበር ስልኩ መጀመሪያ አልታዘዛትም። በቀሚሷ ጠርጋ «ተቀበል» የሚለውን እንደገና ነካች። እርማቱ ገባ።

አልፊያ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች፤ ማታውኑም ከቡድኑ ወጣች። መኳንንት እዚያው ቡድኑ ውስጥ አለ። ርሆቦትም አልወጣችም።