መቱ የገባው ባሕር

ይህን ነገር ከመጀመሬ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ላስረዳችሁ፣ ድሬሰር ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ስወጋና ቁስል ሳጥብ የኖርኩ፣ "ቡዳ በላኝ" ብሎ ለመጣ ሁሉ የወስፋት መድኃኒት ሰጥቼ የምሸኝ፣ "ጣሪያዬ ላይ የሚራመድ ነገር አለ" ላለችኝ ጎረቤቴ የአይጥ ወጥመድ ያዋስኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊት ባልስቅም በሆዴ እስቅ ነበር፣ እናንተም አሁን በሆዳችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎሬ ነው፣ አባቴ ከመንዝ ለጽሕፈት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፣ እኔ ደግሞ ሥልጠናዬን ጨርሼ መቱ ክሊኒክ ተመደብኩና አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ስሜ አስካለ ነው፣ የመቱ ሰው ግን "ሲስተር" ነበር የሚለኝ፣ ሲስተር አለመሆኔን አውቃለሁ፣ ግን አላርማቸውም ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁና ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ፈይሳ የሚባል ሰው ጆሮውን ሊታይ መጣ። የዳሪሙ አገር ልጅ ነው፣ ገና በወጣትነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ መርከብ ላይ ስድስት ዓመት በሞተር ሥራ ቆይቷል፣ የሞተሩ ጩኸት ግራ ጆሮውን ጨርሶ ደፈነው፣ የቀኙንም ግማሹን ወሰደበት፣ በዚህ ምክንያት ተሰናብቶ መቱ ወደሚኖሩት እናቱ ተመልሶ ነበር። ጆሮውን አየሁና ምንም ላደርግለት እንደማልችል ጮክ ብዬ ነገርኩት፣ እሱ ግን ብዙም አልከፋውም፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የግሉኮስ ጎማ አልነቅል አለ።

"ሲስተር፣ ያ ቀጭን ጎማ ያረጀ አይኖራችሁም?" አለኝ።

"ለምን ፈለጉት?"

"ለዓሦቼ።"

ዓሦቼ ሲል ከሶር ወንዝ ያጠመዳቸው መስሎኝ ነበር። ያረጀ ጎማ ሰጠሁትና የምን ዓሣ እንደሆነ ለማየት ከሥራ መልስ ቤቱ ሄድኩ፣ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጓዳው ውስጥ የጉዞ ሻንጣ የሚያህል የመስታወት ሣጥን አለ፣ በውስጡ ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ሮዝና ወይን ጠጅ ነገር የበቀለበት ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ቅርንጫፎቹን የሚያወዛውዝ አበባ የሚመስል ፍጥረት፣ በአበባው መካከል ደግሞ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካን የመሰሉ ትንንሽ ዓሦች። ከቀይ ባሕር ነው ያመጣቸው፣ በአውሮፕላን ጎሬ ድረስ ጉልበቱ ላይ ይዟቸው ተቀምጦ፣ ከጎሬ መቱ በጭነት መኪና። አየር የሚሰጣቸውም የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በብስክሌት መንፊያ ሞልቶ ነው፣ የእኔን የግሉኮስ ጎማ ከላስቲኩ ጋር አገናኘውና መቆጣጠሪያዋን ጠበቅ ላላ ሲያደርግ አረፋው በውኃው ውስጥ ፍልቅ ፍልቅ እያለ ወጣ፣ እኔም እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄድ ጀመር። ውኃው ሲተን ጨዉ ስለሚቀር ፈይሳ የዝናብ ውኃ ይጨምርበታል፣ ልኩን የሚያውቀው በምላሱ ነበር፣ እኔ ይህን ሳይ የሽንት ክብደት የምንለካበት ተንሳፋፊ የብርጭቆ ቱቦ አንድ ትርፍ ነበረንና ይዤለት ሄድኩ፣ ጨው ሲበዛ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ሲያንስ ትሰምጣለች፣ እሱም በምላሱ የሚያውቀውን ልክ በብርጭቆዋ አንገት ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። "አዴ ጫልቱ" ነበር እናቱን የምንላቸው፣ እትዬ እንደማለት ነው፣ እሳቸው እኔ ለመለካት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር "ሲስተር ዛሬም ዓሣ ልትመረምር መጣች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኛም በዚያ መሀል ከእርስዎ ወደ አንተና አንቺ ተሸጋገርን፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ትንሹ ሣጥን ግን እየጠበበ ሄደ፣ አበባው አድጎ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ፣ ዓሦቹም መዞሪያ አጡ። ፈይሳ ሦስት እጥፍ የሚሆን ሣጥን በገዛ እጁ ሠራ፣ የብረት ክፈፍ፣ የመስኮት መስታወት፣ መጋጠሚያው በስቱኮ፣ ጓዳው ውስጥ በድንጋይ መደብ ላይ አስቀመጠውና ማፍሰሱ እስኪቆም ሦስት ሳምንት በሶር ውኃ እየሞላ ሞከረው። ለመሙያው ደግሞ ምጽዋ ለሚኖር የድሮ ጓደኛው ጽፎ ሁለት በርሜል የባሕር ውኃ በጭነት መኪና ተላከለት።

"ይህ ሣጥን ሲሞላ" አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኔን ሳያይ፣ "የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።"

"አሁን ብትጠይቀኝስ?"

"ሲሞላ።"

በርሜሎቹ በአንድ የክረምት ዓርብ ማታ ደረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። አሮጌውን ውኃ በንጹሕ ሳህንና በባልዲ ቀድተን ወደ ትልቁ ገለበጥን፣ ድንጋዩን ፈይሳ ራሱ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አሻገረው፣ ዓሦቹን እኔ በማንቆርቆሪያ አወጣኋቸው። ባዶውን ትንሽ ሣጥን ወደ ውጭ ስናወጣ ግን ማዕዘኑ ከበሩ ጉበን ጋር ተጋጨና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ አዴ ጫልቱ "ይሁን፣ አሮጌ ነው" አሉ፣ እኛም አልደነገጥንም፣ ምክንያቱም አዲሱ አለ፣ ውኃውም በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

አሮጌው ውኃ በትልቁ ሣጥን ውስጥ አንድ ስንዝር እንኳ አልሞላም፣ አበባው ግማሽ አካሉ ከውኃ ውጪ ቀርቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኮማተረ። ፈይሳ ቸኩሎ የመጀመሪያውን በርሜል ከፈተ። እኔ እንደ ልማዴ ብርጭቆዋን ጣል አደረግኩ፣ ወደ ታች ሰምጣ ቂጧ የበርሜሉን ወለል ነካ። ሁለተኛውን ከፈትን፣ እሱም እንዲሁ። ፈይሳ በእፍኙ ቀምሶ ተፋው፣ ጨው የሚባል የለውም።

በርሜሎቹን ያመጣውን ሾፌር አስጠራነው፣ ደስ እያለው ነው የመጣው።

"አዎ፣ በደሌ ስደርስ ክዳኑን ከፍቼ ባሸተው ውኃው ተበላሽቷል፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ጭራሽ ጨው ጨው ይላል" አለን። "እንዲህ ዓይነት ውኃ ለሰው አይወሰድም ብዬ ደፋሁና ከበደሌ ወዲህ ካለው ምንጭ ጥሩ ውኃ ሞላሁላችሁ። ሁለት ሰዓት ነው የፈጀብኝ።"

ምን ይባላል? ሰውየው ደግነት ነው የሠራው። ፈይሳ እጁን ጨብጦ አመሰገነው፣ ቡና እንኳ እንዲጠጣ ለመነው፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ጓዳ ገብቶ ከመደቡ ሥር ቁጭ አለ። አዴ ጫልቱ "ሶጊዳ ገዝተን ብንጨምርበትስ?" አሉ፣ ሶጊዳ ጨው ነው፣ እሱም "አዮ፣ የገበያ ጨው ባሕር አይሆንም፣ ይገድላቸዋል" አላቸው፣ አዮ እማዬ እንደማለት ነው። ሌላ በርሜል ይምጣ ቢባል መንገዱ በጭቃ ተቆርጧል፣ ወር ይፈጃል፣ አበባው እስከ ማታ እንኳ አይቆይም። እኔ ደግሞ፣ ክፋቴን ልናዘዝና፣ ያቺ ሳትጠየቅ የቀረች ጥያቄ ነበረች ያንገበገበችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ መጣ፣ የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚለው አይሰማም። ፈይሳ ዓሦቹ እንዳይዘሉ ሣጥኑን በአንሶላ ሸፈነው፣ የጓዳውን መስኮት ዘጋን፣ በሩንም ዘግተን ሳሎን ተቀመጥን፣ ማናችንም ሲሞቱ ማየት አልፈለግንም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ፈይሳ ድንገት ቀና አለ።

"ሰማችሁ?" አለን።

እመኑኝ፣ እኔ እሱን ለማናገር የምጮህ ሰው ነኝ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ መድፍ ቢተኮስ እንኳ አይሰማም። "ምኑን?" አልኩት። በመዳፉ ቀኝ ጆሮውን፣ ማለት ግማሹ የሚሰማለትን፣ ግጥም አድርጎ ዘጋና "አሁንም እሰማዋለሁ" አለ።

ያኔ እኔም ሰማሁት። በመጀመሪያ ዝናቡ ራሱ መስሎኝ ነበር፣ ቀጥሎ ነፋስ ነው አልኩ፣ ግን ዝናብ እንዲህ አይተነፍስም፣ ከሩቅ ይነሣና እየተንከባለለ መጥቶ አንድ ነገር ላይ ይደፋል፣ ከዚያ እየተንሿሿ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይነሣል። የሚመጣው ደግሞ ከላይ አይደለም፣ ከጓዳው ነው። ሽታም መጣ፣ ሽታውን ወዲያው አወቅኩት፣ ክሊኒክ የአዮዲን ጠርሙስ ስከፍት የሚሸተኝ ነው።

"ኩን ማሊ?" አሉ አዴ ጫልቱ፣ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው፣ "ሶር ሞልቶ መጣ እንዴ?" ተነሥተው የበሩን መቀርቀሪያ ያዙ። ፈይሳ እንዴት እንደደረሰባቸው አላየሁም፣ እጃቸውን በእርጋታ ያዘና "አዮ፣ ይቆይ፣ ገና ነው" አላቸው። በበሩ ሥር አንዲት ቀጭን የውኃ ክር ወጥታ እስከ እግሬ ድረስ መጣች፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኳት፣ ጨው ነች።

ዝናቡ በአንድ ጊዜ ቆመ፣ ያም ድምፅ አብሮት ቆመ። ፈይሳ ትንሽ ጠበቀና በሩን ከፈተ።

ሣጥኑ እስከ ከንፈሩ ድረስ ሞልቷል። ወለሉ እርጥብ ነው፣ የሸፈንንበት አንሶላ በወዲያኛው ጥግ ተጠቅልሎ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ፣ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለችም። አበባው ግን፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ በትንሹ ሣጥን ከነበረው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተከፍቶ ይወዛወዛል፣ ሁለቱ ዓሦች ከዳር እስከ ዳር ይሯሯጣሉ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ እንዳገኙ ሁሉ። ብርጭቆዋን ጣልኳት፣ ተወዛወዘችና ቀዩ ምልክት ላይ ቆመች።

ፈይሳ ሳቀ። ከምጽዋ ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ እናቱም አልሰሙትም፣ እጁን እስከ ክንዱ ውኃው ውስጥ ነክሮ እየሳቀ ያለቅስ ነበር፣ አዴ ጫልቱም ምኑም ሳይገባቸው እልል አሉ፣ ጎረቤት የእልልታውን ምክንያት ሊጠይቅ በዝናብ ጭቃ እየዘለለ መጣ፣ እሳቸውም ምን እንደሚመልሱ ሲጨንቃቸው "ልጄ ሚስት ሊያገባ ነው" አሉት። ፈይሳ ግን ገና አልጠየቀኝም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና "እንግዲህ ሰምተሻል" አለኝ፣ እኔም "ሰምቻለሁ" አልኩት፣ በዚያው አለቀ።

የሠርጋችን ጊዜ ጥር ነበር፣ ሳምንት ሲቀረው ቤቱን ኖራ ልንቀባ ዕቃውን ሁሉ አወጣን። ጓዳውን የምቀባው እኔ ነበርኩ፣ ሣጥኑን ወደማይነካ ጥግ ስደርስ ግድግዳው ላይ ነጭ መስመር አየሁ፣ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። መስመሩን ተከትዬ ሄድኩ፣ አራቱንም ግድግዳ ይዞራል፣ የበሩንም የውስጥ ገጽ አቋርጦ ያልፋል፣ እንደ ውኃ ልክ ቀጥ ያለ፣ ከሣጥኑ አፍ በላይ፣ ቁመቱ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ውኃው ክፍሉን እስከዚያ ድረስ ሞልቶት ነበር ማለት ነው። ያን ቀን እኛ ከዚያች ቀጭን ሳንቃ በር በወዲህ በኩል ተቀምጠን ነበር፣ አዴ ጫልቱ እጃቸውን መቀርቀሪያው ላይ አድርገው ነበር።

ፈይሳን ጠርቼ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየውና "ኖራውን ደረብ አድርጊበት" ብሎ ወጣ። ምን አውቆ ያን ቀን በሩን እንዳላስከፈተ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል፣ ሌላ ነገር ያወራል።

ኖራ ደረብኩበት፣ በዓመቱ መስመሩ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ቀባሁት፣ እንደገና ወጣ፣ ኋላ ተውኩት። ዓሦቹ ብዙ ዓመት ኖሩ፣ እኛም አራት ልጆች ወለድን፣ ልጆቹ ያን መስመር የቁመት መለኪያ አደረጉት፣ በየልደታቸው እየሮጡ ገብተው ከግድግዳው ጋር ይቆማሉ፣ ጭንቅላቱ መስመሩን ያለፈ ልጅ ቤቱን በደስታ ያናጋዋል፣ አባታቸውም ትከሻው ላይ አውጥቶ ያዞረዋል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ግን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ ሁሉንም ከዚያ ክፍል አስወጣለሁ፣ የመጨረሻውን ልጅ እጁን ይዤ እስካወጣው ድረስ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ክፍት አድርጌ እይዘዋለሁ።