የተዘለሉት ሁለት ገጾች

«ገዳዩማ አንተ ነህ። ‹አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቃለህ› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ብያለሁ። ተነስቶ ቢመጣ አሁንም እደግምለታለሁ» አሉ ሽማግሌው የመጽሐፍ ተራኪ።

የሟቹ እህት በአሳታሚ ድርጅቱ መተላለፊያ ላይ ጣቷን ቀስራባቸዋለች። ወንድሟ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ በማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት ተመትቶ ቢሮው ውስጥ ሞቶ ከተገኘ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም። አራሚዋ ቦርሳዋን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሃያ ዓመት በቀይ እስክሪብቶ ያረመች ሴት ናት። ቤቱ ወደ ድምፅ መጽሐፍ ከዞረ ወዲህ ግን የምታርመው በጆሮዋ ነው፤ ቅጂው በፍላሽ ይሰጣታል።

መርማሪዋ ስድቡ እስኪያልቅ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን በድሎዎት ነው?»

«ከእንግዲህ የሚያነበው ኮምፒውተር ነው አለኝ። ያውም በሞተ ሰው ድምፅ።»

አራሚዋ አንገቷን ደፋች። ባለ ድምፁ የቤቱ የቀድሞ ተራኪ፣ አጠገባቸው የቆመው የድምፅ ባለሙያ አባት ነው። ከድሮ ቅጂዎቹ ድምፁን በኮምፒውተር አሠርተው የፈለጉትን ያስነብቡታል። ትናንት የሳሙና ማስታወቂያ አስነብበውት፣ «ትክክል ነው» ብላ የፈረመችው እሷ ነች።

«ጋሼን ተዋቸው» አለ የድምፅ ባለሙያው። «ከሦስት ተኩል እስከ አራት ተኩል ከስቱዲዮ አልወጡም። እሳቸው ውስጥ ሲያነቡ እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማ ነበር። ቅጂው ይኸው።»

ሐኪሙ ሰውየው የሞተው አራት ሰዓት ገደማ ነው ብሏል።

«እትዬ» አለች መርማሪዋ ወደ አራሚዋ ዞራ፣ «አንባቢው ሲሳሳት ምን ይደረጋል?»

«ባለሙያው መጽሐፉን በዓይኑ ይከተላል። ስህተት እንደሰማ ያስቆማል፤ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይደገማል። የቤታችን ደንብ ነው።»

ምን እንደተናገረች የገባት ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ሲሰበሰቡ ነው። መርማሪዋ መጽሐፉን አስይዛት ቅጂውን ከፈተች። የተራኪው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ በታሪኩ አንዲት ሴት የታሸገ ደብዳቤ ልትከፍት እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ባቡር ሄዶ ጣቢያው ባዶ ቀረ።

«ሁለት ገጽ ቀርቷል» አለች አራሚዋ ቀስ ብላ።

«ተጣብቆ አብሬ ገልጬው ነው» አሉ ተራኪው ደንግጠው።

«ሰዓቱን ቅጂው ላይ እዩት፤ ልክ አራት ሰዓት» አለች መርማሪዋ። «ጋሼ ከዚያ በኋላም አሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጡ አንብበዋል። እያነበቡ ሰው ሊመቱ አይችሉም። እህትየውና እትዬ ታች ከዘበኛው ጋር ነበሩ። ወንድሜ፣ አንተስ? አራት ከአሥራ አንድ ላይ አንዲት ቃል ቢስቱ ወዲያው አስቁመሃቸዋል። ሁለት ገጽ ሲዘሉ ግን ዝም ብለሃል። ያኔ ወንበሩ ላይ አልነበርክም። ጋሼ የሚያነቡበት ክፍል መስኮት የለውም፤ መውጣትህን አላዩም። ብረቱም ከወንበርህ ጀርባ የሚቆመው ነው።»

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀ።

«ቅጂውን የሰጠሁሽ ጋሼ በእኔ ዕዳ እንዳይታሰሩ ነው» አለ። «አባቴ ጉሮሮውን ታሞ ሲሞት ‹ድምፄን አደራ› ብሎኛል። ሰውየው ግን ሳሙና አስሸጠው። አባቴን በየቀኑ እየቆራረጥኩ የምገጥመው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ድምፁን ከነመነሻ ቅጂዎቹ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁና ሄጄ ነገርኩት። ሳቀብኝ። ‹አንዱ ጋ ቅጂ አይጠፋም፤ አባትህ እንደሁ አይደክመው› አለኝ። አልጸጸትም።»



«እውነት ሌላ ቅጂ አለ?» አለች የሟቹ እህት። ዓይኗ ደርቋል። «ድርጅቱ አሁን የእኔ ነው። አንተ ትታሰራለህ፤ አባትህ ግን ሥራውን ይቀጥላል።»

የድምፅ ባለሙያው ፊቱ አመድ መሰለ። የብረቱ ነገር ሲነሳበት እንኳ እንዲህ አልሆነም ነበር።

አራሚዋ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፍላሹ ከመነጽሯ ማኅደር ሥር ነው፤ የቀድሞው ተራኪ ድምፅ ከነመነሻ ቅጂዎቹ ያለበት፣ የሳሙናውን ማስታወቂያ ስታርም ለማመሳከሪያ የተሰጣት። ከድርጅቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ሥር ደግሞ ደፍርሶ የሚጋልብ ወንዝ።

እህትየው ጥያቄዋን ደገመች። ሁሉም ወደ ጠያቂዋና ወደ እስረኛው ያያሉ። አራሚዋ መጽሐፉን የተዘለሉት ገጾች ላይ እንደተከፈተ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ፍላሹን ጨብጣ ወጣች። ድምፅ የማያሳልፈው ወፍራም በር ከኋላዋ ኮሽ ሳይል ተዘጋ።